የ1925ቱ የጣሊያን ዋንጫ ይከፈል ወይስ ባለበት ይቆይ?

አወያዩ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ባለፈው በቫር ጉዳይ ግማሻችሁ ተኮራርፋችሁ ስለወጣችሁ ዛሬ ሆን ብዬ መቶ ዓመት ወደኋላ ይዣችሁ ልሂድ ብያለሁ፣ እዛም ከተጣላችሁ እንግዲህ እግዜር ይገላግለን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1925፣ በኛ 1917 መሆኑ ነው፣ የጣሊያን ሻምፒዮና በመዝገብ የቦሎኛ ነው። ጄኖዋዎች ግን እስከዛሬ አልዋጥ ብሏቸው «ተቀማን» እንዳሉ ነው፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ስኩዴቶውን፣ የሊጉን ዋንጫ ማለት ነው፣ «የሽጉጦቹ» ብለው ነው የሚጠሩት። ቢያንስ የጋራ ይባል የሚል ጥያቄ ከጄኖዋ በኩል በየጊዜው ይነሳል።

ለማያውቅ ባጭሩ። ያኔ ሴሪ አ የለም፣ እሱ የመጣው በ1929 ነው። ሰሜኑ ለብቻው ደቡቡ ለብቻው ይጫወትና ሁለቱ አሸናፊዎች ይገናኛሉ፣ ግን ደቡቡ ደካማ ስለነበር ሰሜኑን የበላ ዋንጫውን በላ በሉት። ሰሜን ላይ ጄኖዋና ቦሎኛ ደረሱ። ጄኖዋ ቦሎኛ ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በሳምንቱ ቦሎኛ ጄኖዋ ሄዶ እሱም 2 ለ 1። ስለዚህ ሦስተኛ ጨዋታ ጁን 7 ሚላን ላይ። እረፍት ሲወጡ ጄኖዋ 2 ለ 0 እየመራ ነው። ከእረፍት በኋላ የቦሎኛው ሙትሲዮሊ መታ፣ በረኛው ዴ ፕራ አወጣት፣ ዳኛው ጆቫኒ ማውሮ ኮርና ብሎ አሳየ። ቦሎኛዎች የለም ገብታለች አሉ። ደጋፊ ሜዳ ገባ፣ መሃላቸው ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ነበሩ፣ ዳኛውን ከበቡት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጨዋታው ቆመ፣ ከዛ ማውሮ ኮርናውን ትቶ ጎል ብሎ አጸደቀ። ቦሎኛ በኋላ አንድ ጨመረና 2 ለ 2። ተጨማሪ ሰዓት ሲባል ጄኖዋ አንጫወትም አለ።

ሊጉ ለማንም ፎርፌ ሳይሰጥ ይደገም አለ። ጁላይ 5 ቱሪን ላይ 1 ለ 1። ከጨዋታው በኋላ ፖርታ ኑኦቫ ባቡር ጣቢያ ላይ ከቦሎኛ ደጋፊዎች ባቡር ወደ ጄኖዋዎቹ ባቡር ተተኮሰ፣ ሰው ቆሰለ። አምስተኛው ጨዋታ ኦገስት 9 እሁድ፣ ሚላን፣ በዝግ ሜዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። በኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ነው ያልኩት፣ ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ ማለት ነው። ቦሎኛ 2 ለ 0።

በሉ እንግዲህ።

የፒያሳ ልጅ፦
ይሄ ምን ክርክር አለው ብሮ። ዳኛ ኮርና ብሎ ካሳየ በኋላ ጥቁር ሸሚዝ ከቦት ጎል ካለ ያ ጎል አይደለም። 2 ለ 0 አለቀ፣ ጄኖዋ ሻምፒዮን፣ ቀጣይ። ደሞ ጥቁር ሸሚዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ ሰው አስረዱት እንጂ ለኛ ታስረዳላችሁ እንዴ? የካቲት 12 አዲስ አበባን በሦስት ቀን ያነደዱት እኮ እነዛው ናቸው።

ሮሶብሉ፦
ጀመረህ። እኔ ቦሎኛን የምደግፈው ከሮቤርቶ ባጆ ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ፋሺስት አይደለሁም በቅድሚያ ሃሃሃ። አሁን በቁጥር እንነጋገር። አምስት ጨዋታ ተጫወቱ፣ ጄኖዋ አንድ አሸነፈ፣ ቦሎኛ ሁለት፣ ሁለት አቻ። ጄኖዋ ያሸነፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው ከዛ በኋላ አንድም አላሸነፈም። በመጨረሻው ጨዋታ ሜዳ ውስጥ አንድም ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ደጋፊ የለም፣ ዝግ ነው፣ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከዛ ቦሎኛ ሄዶ የደቡቡን አሸናፊ፣ «አልባ ሮማ» የሚባለውን ቡድን፣ 4 ለ 0 እና 2 ለ 0 ቀጣው። ዋንጫው ከየት ተሰረቀ?

ቡድኑስ ምን ዓይነት ቡድን ነበር ብላችሁ ጠይቁ እንጂ። አጥቂው አንጄሎ ስኪያቪዮ ነው፣ በ1934 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቼኮዝሎቫኪያ ላይ በተጨማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው ራሱ። አሰልጣኙ ኦስትሪያዊው ፌልስነር። ይሄ ቡድን ሽጉጥ ያስፈልገዋል?

የፒያሳ ልጅ፦
ካላስፈለገው ለምን ተኮሰ ታዲያ 

ሮሶብሉ፦
ቡድኑ አልተኮሰም ደጋፊ ነው የተኮሰው። አንተ ሰፈር ደጋፊ ድንጋይ ሲወረውር ነጥብህን ትመልሳለህ እንዴ

ቁጥር አዋቂ፦
ሁለታችሁም ትንሽ ቀዝቀዝ በሉ እስቲ። ሮሶብሉ ያልከው የቁጥር ነገር እውነት ነው ግን ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ያሉት ሁለቱ ጨዋታዎች መደረግ ነበረባቸው ወይ የሚለው ነው እኮ ጥያቄው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ነገር ተፈጠረ። አንደኛ ሜዳ ተወረረ፣ ጄኖዋዎች በዚህ ብቻ ፎርፌ ይገባናል አሉ። ሁለተኛ ጄኖዋ ተጨማሪ ሰዓት አልጫወትም አለ፣ ቦሎኛዎች ደሞ በዚህ ፎርፌው የኛ ነው አሉ። ሊጉ መሃል ላይ ቆሞ ይደገም አለ። እኔ እንደሚገባኝ ሊጉ የወሰነው በፍርሃት ነው፣ ግን ፍርሃት ደሞ በሰነድ ላይ አይጻፍም።

ጊዜውን አስቡት። የሙሶሎኒ ተቃዋሚ የነበረው የፓርላማ አባል ማቴዮቲ የተገደለው ጁን 1924 ነው፣ ልክ ዓመት በፊት። ሙሶሎኒ ፓርላማ ቆሞ ለተፈጠረው ሁሉ ኃላፊነቱ የኔ ነው ያለውና አምባገነንነቱ በግልጽ የጀመረው ጃንዋሪ 3 1925 ነው። አምስት ወር ብቻ ቆይቶ ነው ይሄ ጨዋታ። የቦሎኛ ፋሺስቶች አለቃ ሌያንድሮ አርፒናቲ ነው፣ ኳስ ወዳድ ነው፣ በዓመቱ በ1926 ደሞ የጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። እንግዲህ ማውሮ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተከቦ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም።

ሮሶብሉ፦
እሺ አርፒናቲ አርፒናቲ ትላላችሁ፣ በ1927 ምን እንዳደረገ ለምን አትናገሩም? ቶሪኖ ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዛ ለዩቬንቱሱ ተከላካይ አሌማንዲ በደርቢው ብር ተሰጥቷል ተባለና ዋንጫው ተነጠቀ። ሁለተኛ የነበረው ማነው? ቦሎኛ! ፌዴሬሽኑን የሚመራው ማነው? አርፒናቲ፣ የቦሎኛ ሰው! ለቦሎኛ ሰጠ? አልሰጠም፣ ዋንጫው ለማንም ሳይሰጥ ቀረ እስካሁንም ባዶ ነው። ሰውየው ዋንጫ መስረቅ ቢፈልግ ያኔ በእጁ ነበር።

ቁጥር አዋቂ፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው እቀበላለሁ። ግን በ1927 አለመስጠቱ በ1925 የሆነውን አያጥበውም። እንደውም ሲያዩት ሰውየው ሰው እንደሚያወራ ያውቅ ነበር ያስብላል።

ኮርና፦
እኔ ያልገባኝ፣ ሁለቱም ማልያቸው ቀይና ሰማያዊ አይደል እንዴ? ያኔ በነጭና ጥቁር ፎቶ ማን ማን እንደሆነ እንዴት ለዩ ሃሃሃሃ

ሮሶብሉ፦
አዎ ሁለቱም ሮሶብሉ ናቸው፣ ወንድማማች የሚጣላው እንዲህ ነው

ሊጉሪያ፦
እንደምን ዋላችሁ፣ ብዙ ጊዜ አልጽፍም ግን ይሄ ርዕስ የኔ ቤት ርዕስ ነው ስለዚህ ታገሱኝ ይረዝማል።

ጄኖዋ ከተማ ስኖር አስራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሽማግሌ ነው የምንከባከበው፣ እዚህ ባዳንቴ የሚሉን ሥራ። የያዝኳቸው አባት ዘጠና አልፏቸዋል፣ የሚታያቸው በአንድ ዓይን ነው ግን እሁድ እሁድ ሬዲዮ ካልከፈትኩላቸው ያኮርፋሉ። አባታቸው ሚላን ያን ቀን ሜዳ ነበሩ ይላሉ፣ ሕዝቡ ሞልቶ እስከ መስመሩ ድረስ ቆሞ ስለነበር ለመግባት አጥር መዝለል እንኳ አላስፈለገም፣ አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ ብቻ ነው አሉኝ። ይሄን ሲነግሩኝ እጃቸውን እንዲህ አድርገው አንድ እርምጃ ያሳያሉ፣ አልጋ ላይ ተኝተው ማለት ነው።

ነገሩ ለነሱ የአንድ ዋንጫ ጉዳይ እንዳልሆነ እወቁ። ጄኖዋ በ1893 የተመሠረተ ነው፣ እንግሊዞች ናቸው የመሠረቱት፣ የመጀመሪያውን የጣሊያን ሻምፒዮና በ1898 በልቷል፣ ያኔ ሻምፒዮናው ቱሪን ላይ በአራት ቡድን ባንድ ቀን ተጀምሮ ያለቀ ነው ሃሃ የኛ የእድር ስብሰባ ከዛ ይረዝማል። በ1924 ዘጠነኛውን በሉ። ከዛ 10ኛው ነው ይሄ የ1925ቱ። ጣሊያን ውስጥ 10 ዋንጫ ያለው ማልያው ላይ ኮከብ ይሰፋል፣ ጄኖዋ እስከዛሬ 9 ላይ ቆሞ ቀረ። መቶ ዓመት 9። እዚህ አገር ልጅ ሲወለድ የሚነገረው ይሄ ነው።

አሁን አንዳችሁ ይከፈል ትሉ ይሆናል። እኔም አንድ ቀን ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው፣ «አባባ የጋራ ቢባልስ ኮከቡን ታገኛላችሁ አይደል» አልኳቸው። ተቆጡ እኮ፣ በሕይወቴ እንደዛ ተቆጥተው አላየኋቸውም፣ ሾርባውን ገፉብኝ። ባቡር ላይ ከተኮሱብን ሰዎች ጋር ነው የምካፈለው አሉ። ስለዚህ የጋራ ይባል የሚለው ሐሳብ ጄኖዋን የሚያስደስት እየመሰላችሁ ከሆነ ሁሉንም አይደለም።

የፒያሳ ልጅ፦
እህቴ እግዜር ይስጥሽ። ሾርባውን ገፉብኝ ያልሽው ገደለኝ

ትዝብት፦
እኔ በተቃራኒው ነኝ። የድሮ ዋንጫ መቆፈር ከተጀመረ ማብቂያ የለውም። ላትሲዮ የ1915ቱ የጋራ ይሁንልኝ ይላል፣ ያ ደሞ ለማን የተሰጠ ነው? ለጄኖዋ! በጦርነቱ ምክንያት ሻምፒዮናው ሳያልቅ ቆመ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሰሜኑን ይመራ ለነበረው ለጄኖዋ ሰጡት፣ ደቡቡ ፍጻሜው ሳይደርስ። ስለዚህ ጄኖዋ በ1925 በወረቀት ተበድያለሁ ሲል በ1915 በወረቀት እንዳገኘ አይርሳ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ አይሆንም። ቶሪኖም የ1927ቱን መልሱልኝ ይላል። ሁሉም ይመለስልኝ ካለ የአርባ ዓመት መዝገብ ሊቀደድ ነው። 

ሊጉሪያ፦
የ1915ቱ እውነት ነው ወንድሜ ግን እሱ ላይ ማንም ሽጉጥ አላወጣም

ሮሶብሉ፦
ትዝብት 1000 ፐርሰንት። እና ሌላ ነገር ልጨምር፣ ቦሎኛን በደፈናው የፋሺስት ክለብ አድርጎ መሳል ነውር ነው። በ1936 እና በ1937 ለቦሎኛ ዋንጫ ያመጣው አሰልጣኝ አርፓድ ቫይስ የሃንጋሪ አይሁድ ነው። በ1938ቱ የዘር ሕግ ከጣሊያን ተባረረ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተገደለ፣ እሱም በ1944 አውሽቪትዝ ሞተ። የቦሎኛ ታሪክ ውስጥ እሱም አለ አርፒናቲ ብቻ አይደለም።

ቁጥር አዋቂ፦
ስለ ቫይስ ያልከውን ማንም አይክድም፣ እኔም ስለሱ ሳስብ ያመኛል። ግን ልብ በል፣ ያንተው ምሳሌ ነው እኔን የሚደግፈው። ቫይስን ያባረረው ሕግና ማውሮን የከበበው ሸሚዝ አንድ ቤት ነው የተሰፉት። ክለቡን ማንም አልወቀሰም፣ የተወቀሰው ጊዜው ነው። ስለዚህ «ቦሎኛ አልበላም» ሳይሆን «በ1925 ሻምፒዮን በሥርዓት አልተለየም» ብሎ ባዶ መተው ይሻላል፣ ልክ እንደ 1927ቱ። ካልቾፖሊ በተባለው የዳኞች ቅሌት ላይም የ2005ቱን የዩቬን ባዶ ነው የተዉት። ልምዱ አለ።

የፒያሳ ልጅ፦
የ2006ቱን ግን ለኢንተር ሰጡት፣ እሱ ልምድስ?

ቁጥር አዋቂ፦
እሱን ተወው እሱ ሌላ ቀን ያጣላናል

ኮርና፦
እኛ አገርስ? የመጀመሪያው ሻምፒዮና በፈረንጆቹ 1944 አይደል፣ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ጦር ቡድን። የበላው የእንግሊዝ ጦር ነው። ያኔ እንግሊዝ አገሩ ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው ይታወቃል፣ እና ያንን ዋንጫስ እንሰርዝ? 

ትዝብት፦
እዛ ላይ ማንም ዳኛ ተከቦ ውሳኔ ቀየረ የተባለ ነገር የለም፣ አታደባልቅ። እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ ፎርቲቱዶ ነው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ሦስት ዓመት ነው፣ የጣሊያን ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከጊዮርጊስ ጋር ባንድ ውድድር ይጫወታል። የኛ ሰው ምን ዓይነት ሆድ ነበረው?

የፒያሳ ልጅ፦
አያቴ እኮ የጣሊያን ሰው ሲያዩ ይሰድቡና ፓስታ ያለ ጣሊያን መኪኒካ ያለ ጣሊያን አይሆንም ይላሉ ባንድ አፍ

ጋሽ ዳኛው፦
ልጆች እኔ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ስለ ጣሊያን ብዙ አላውቅም ግን ስለ ማውሮ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ማውሮ እኔ ነኝ።

ዘመኑን ተዉት፣ ወጣት ነበርኩ፣ የሰፈር ውድድር እዳኛለሁ። ፈቃድም የለኝ ኮርስም አልወሰድኩ፣ ፊሽካ ስለነበረኝ ነው ሃሃ። ዋንጫው በግ ነው፣ ፍጻሜ ላይ በጉ ራሱ ከጎሉ ጀርባ ታስሮ ያያል። ሜዳው አጥር የለውም፣ ሰዉ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳስ ሲወጣ በእግሩ የሚመልሰው እሱ ነው። ልክ እህታችን እንዳለችው፣ አንድ እርምጃ ነው።

አንዱ ቡድን 1 ለ 0 እየመራ፣ አስር ደቂቃ ያህል ቀርቶት፣ ኳስ የበረኛው እጅ ነክታ ወጣች። መረብ የለም፣ ሁለት እንጨትና ገመድ ነው። ከጎሉ ውጪ በኩል እንዳለፈች በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዛሬም ብትጠይቁኝ አሳያችኋለሁ። ኮርና አልኩ። ከዛ መጡ። ስንት ነበሩ አላውቅም። የማስታውሰው አንድ ሰው ነው፣ ጎረቤታችን ነው፣ በየቀኑ ሰላም የምንባባል፣ እጄን ይዞ ድምፁን ሳይጨምር «ማታ ቤትህ በዚህ መንገድ ነው የምትገባው አይደል» አለኝ። አልመታኝም አልሰደበኝም። እኔም ጎል አልኩ። 

ከዛ በኋላ ያለው አስር ደቂቃ እንዴት እንደሆነ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የተበደለው ቡድን መጫወት ያቆማል፣ እግሩ ይሮጣል ግን አይጫወትም። ሌላው ደግሞ እንደሚያገባ ያውቃል። ሁለተኛዋ ጎል ንጹሕ ነበረች፣ እንከን የላትም፣ ግን ያችንም ያገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሮሶብሉ ልጄ፣ ሁለተኛዋ ጎል ጥፋት የላትም፣ አምስተኛውም ጨዋታ በዝግ ነው አይባልም። ጄኖዋዎቹ በኦገስት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዛ ሜዳ ሲገቡ አእምሯቸው ያለው ሚላን የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው፣ ባቡሩ ላይ ነው።

ሮሶብሉ፦
ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ። ግን ልጠይቅዎት፣ ያኔ የተሸነፈው ቡድን ተጨማሪ ሰዓት አልጫወትም ብሎ ቢወጣ ኖሮ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?

ጋሽ ዳኛው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ጋ ተጨማሪ ሰዓት አልደረሰም። ቢደርስ ግን «ግቡ ጨርሱ፣ በኋላ እውነቱን እናገራለሁ» እላቸው ነበር ይመስለኛል። እስቲ ቁጥር አዋቂ፣ ማውሮ እንደዛ ብሏቸዋል ይባላል?

ቁጥር አዋቂ፦
ጄኖዋዎቹ የሚሉት ወደዛ የቀረበ ነው ጋሼ። ጨዋታውን የቀጠሉት ለይስሙላ ነው፣ ማውሮ በሪፖርቱ ለኛ ይፈርዳል ብለን ነው ይላሉ፣ ተጨማሪውን ሰዓት እንቢ ያሉትም ለዛ ነው። ሪፖርቱ ግን ዋንጫውን አልሰጣቸውም፣ ይደገም ተባለ።

ትዝብት፦
ታዲያ ጥፋቱ የማውሮ ነው እንጂ የቦሎኛ አይደለም። ማውሮ ጨዋታውን አቋርጦ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ መውጣት ይችል ነበር።

ሊጉሪያ፦
በየት በኩል ነው የሚወጣው ወንድሜ?

አወያዩ፦
እሺ ድምፅ እንስጥ። የጋራ ይባል 1፣ ለጄኖዋ ይሰጥ 2፣ ባዶ ይተው 3፣ ቦሎኛ ጋ ይቆይ 4። 

የፒያሳ ልጅ፦
2

ትዝብት፦
4። ቦሎኛን ወድጄ ሳይሆን መዝገብ ስለማይቀደድ

ቁጥር አዋቂ፦
3

ሮሶብሉ፦
4 ነበርኩ። አሁንም 4 ነኝ ግን ጋሼ ካወሩ በኋላ እንደ ጠዋቱ አልጮህም

ሊጉሪያ፦
እኔ 1 ብዬ ብጽፍ ሽማግሌው እራት አይበሉልኝም፣ ስለዚህ 2

ኮርና፦
ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እርስዎ ያኔ ለአዘጋጆቹ ሪፖርት ጽፈው ነበር?

ጋሽ ዳኛው፦
ጽፌያለሁ። በደብተር ወረቀት፣ አንድ መስመር። «ጨዋታው በሰላም ተጠናቋል።»

ኮርና፦
በጉስ?

ጋሽ ዳኛው፦
በጉንማ ማታውኑ አረዱት። ጠሩኝ፣ ሄጄ በላሁ።